መታወቂያው ከመመለሱ በፊት

ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የሚወጣ ተማሪ የመጨረሻ ሥራው ፊርማ ማሰባሰብ ነው። ክሊራንስ የምትባለውን ወረቀት ይወስድና ግቢውን ይዞራል። ቤተ መጻሕፍቱ ያልተመለሰ መጽሐፍ እንደሌለበት አይቶ ይፈርምለታል። ፕሮክተሩ ፍራሹንና የሎከሩን ቁልፍ ተረክቦ ይፈርማል። ካፌው የምግብ ካርዱን ይቀበለዋል። ስፖርት ክፍሉ ኳስም ማልያም እንዳልወሰደ ያረጋግጣል። በመጨረሻ ሬጅስትራር መታወቂያውን ተቀብሎ ያሰናብተዋል። ፈራሚው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የእኛ ንብረት እጅህ ላይ አለ ወይ? ለምን እንደሚሄድ የሚጠይቅ መስመር ወረቀቷ ላይ የለም።

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። የፍሬሽማን አስተባባሪ ሆኜም ስለሠራሁ በዚያች ወረቀት ላይ የምፈርምባት ቦታ ነበረችኝ። ከመፈረሜ በፊት “ምን ሆነህ ነው?” ስል የምሰማው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከተጀመረ ወራት ያለፉት ነው። መጀመሪያ አንድ ኩዊዝ ተበላሸ። ቀጥሎ አንድ ክላስ ቀረ። የቀረበትን ሳይረዳው የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና፣ ሚድ፣ ደረሰ። ከሚድ በኋላ መምህሩን ቀና ብሎ ማየት አፈረ፤ ኋላ መቀመጥ ጀመረ፤ ከዚያም ጭራሽ መምጣቱን ተወ። በዚህ ሁሉ መሐል ጠርቶ ያነጋገረው ሰው የለም። እሱም “ተቸግሬያለሁ” ብሎ የማንንም በር አላንኳኳም።

እንግዲህ ፍሬሽማንን እንዴት እናቆየው ሲባል የእኔ መልስ አጭር ነው፦ እርዳታው ተማሪውን ፈልጎ ይሂድ። የእኛ ልጅ በይሉኝታ ያደገ ነው። ቤቱ ሲቸገር ለጎረቤት እንዳያወራ ተነግሮት ያደገ ልጅ፣ ቢሮ ገብቶ “አልገባኝም” እስኪል ድረስ ከጠበቅነው ቀድሞ የምናገኘው ክሊራንሱን ይዞ ነው።

በጠባብ በር የገባው ልጅ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ግማሹን ያላመጡ ግን የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች ሪሚዲያል ገብተው ለወራት ይማራሉ። እዚያም ሌላ ፈተና አልፈው ነው ፍሬሽማን የሚሆኑት።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ፍሬሽማን ክፍል የተቀመጠውን ልጅ “አቅም የለውም” ለማለት አፉን አይሞላም። በቀጥታ ያለፈው ከብዙዎች መሐል ተለይቶ ነው የመጣው። በሪሚዲያል የገባውም ከወደቀበት ተነሥቶ ሁለተኛ ወንፊት ያለፈ ነው። አንዱንም ቢሆን የመማር ችሎታ አጥቶ መጣ ልንለው አንችልም። ሆኖም ሁለቱም አዲስ ሕይወት ውስጥ ነው የገቡት፤ የዚያን ሕይወት ሕግ ደግሞ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው ሰው የለም።

የፍሬሽማን ዓመት ራሱ ሄዶ የመጣ ነገር ነው። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መነሻነት የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ወደ መሰናዶ፣ ማለትም ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል ወረደ፤ ብዙው የዲግሪ ትምህርትም ሦስት ዓመት ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። ሎጂክ፣ ጀነራል ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሒሳብና ሌሎችም የጋራ ኮርሶች ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ባች ዕድል አልቀናውም። በዚያው ዓመት በየግቢው በተነሣው ግጭት ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ መጋቢት ላይ ደግሞ ኮሮና ሁሉንም ግቢ ዘጋ። ያ ባች አንድ ነገር አስተምሮኛል፦ አንድ ልጅ ግቢ የሚቆየው በትምህርቱ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ሰው ሲኖረውም ነው።

አንድ ኤፍ ስንት ታስከፍላለች?

ከሃይስኩል የመጣ ልጅ ውጤትን ከመቶ ማየት ነው የለመደው። ዩኒቨርሲቲ ግን በክሬዲት ሀወር ነው የሚያሰላው፤ ስሌቱም አይምርም። የሒሳብ መምህር ነኝና ትንሽ ላስላ።

አንድ ልጅ በሴሚስተሩ ስድስት ኮርስ ወሰደ እንበል፤ እያንዳንዱ ባለ 3 ክሬዲት፣ በድምሩ 18። በአራቱ ኮርሶች ሲ ፕላስ አመጣ፤ ሲ ፕላስ 2.5 ናት። በአንዱ ዲ፣ በሒሳብ ደግሞ ኤፍ አገኘ። አራቱ ኮርሶች 30 ነጥብ ይሰጡታል። ዲዋ 3 ትጨምርለታለች፤ ኤፏ ምንም። 33 ለ18 ሲካፈል 1.83 ይመጣል። ልጁ በአራት ኮርስ ደህና ሆኖ ሳለ አማካዩ ከ2 በታች ወረደ ማለት ነው። ያቺ ኤፍ ሲ ብትሆን ኖሮ፣ ዲዋ እንዳለች ሆና እንኳን፣ 2.17 ይዞ በሰላም ያልፍ ነበር።

ከ2 በታች የሆነ ተማሪን የሚጠብቀው ማስጠንቀቂያ (ዋርኒንግ) ወይም ስንብት (ዲስሚሳል) ነው። የትኛው ነጥብ ለየትኛው እንደሚያደርስ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ተጽፏል። ያለፈውም ቢሆን ነጥቡ እስከ መጨረሻው ይከተለዋል፤ የሚፈልገው ዲፓርትመንት የሚደርሰው በፍሬሽማን ውጤቱ ተወዳድሮ ነውና።

በእኔ ኮርስ ግማሹ ነጥብ ከፋይናል በፊት የሚያዝ ነው፦ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ። ኤፍ ያገኙትን ልጆች ማርክ መለስ ብዬ ሳየው ብዙውን ጊዜ የማገኘው ፋይናል ላይ የደረሰ አደጋ አይደለም። ያልገባ አሳይመንት፣ ያልተፈተነ ኩዊዝ፣ ከአሥር ሁለት የመጣበት የመጀመሪያ ወረቀት ነው። ምልክቱ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እጃችን ላይ ነበር። እኛ የምንነቃው ግን ግሬድ ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከሰሌዳው ፊት የማይታየው

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ አሳይመንት ሁልጊዜ አንድ ቀን አሳልፎ ነው የሚያመጣው። ያመጣውን ሳርመው ግን ሥራው ንጹሕ ነው። ለዘገየ ነጥብ እቀንሳለሁ፤ እሱም አይከራከርም። አንድ ቀን አስቀርቼ ጠየቅኩት።

“ወርክሺቱን በጊዜ ለምን አትሠራም?”

“ቲቸር፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ማታ ነው።”

“ቴሌግራም ላይ ጠዋት ነው እኮ የለቀቅኩት።”

“የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። የዶርሜ ልጅ አጥንቶ ሲጨርስ ከሱ ስልክ በእጄ እገለብጣለሁ።”

የክፍሉ ተወካይ (ሪፕ) ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ወርክሺት አንድ ኮፒ እያሳተመ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጥ ጀመር። ወጪው በገጽ ጥቂት ብር ነው። ልጁም ከዚያ ወዲያ አልዘገየም። እሱ ብቻውን እንዳልነበረም የታወቀው ኮፒዋ ከእጅ ብዛት ስትተለተል ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በማርክ ሺት ላይ አይታይም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶርምና ምግብ አለው። የትምህርቱን ክፍያም በወጪ መጋራት ውል ከተመረቀ በኋላ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ እዚህ አገር ፍሬሽማንን ከግቢ የሚያስወጣው ብር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ የፎቶ ኮፒ፣ የሳሙና፣ ለሴት ልጅ የሞዴስ፣ አባት ታመመ ሲባል አገር ቤት ደርሶ የመመለሻ ትራንስፖርት። ለዚያ የሄደው ልጅ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ ሚድ አልፏል። ማስረጃ ይዞ ቢመጣ ድጋሚ ሊፈተን እንደሚችል የነገረው የለም፤ እንደገና ሻንጣውን ያነሣል።

ቋንቋም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ቢባልም እኛ መምህራን ነገሩ ሲከብድ ወደ አማርኛ እንገባለን፤ ክፍሉም ፈታ ይላል። ግን ከክፍሉ ጥግ ያለችው ከሶማሌ ወይም ከአፋር የመጣችው ልጅ በዚያች ደቂቃ ሁለት ጊዜ ተተወች፤ እንግሊዝኛው አልገባትም፣ አማርኛው ደግሞ ጭራሽ አልተነገራትም። ጓደኞቿ ሲስቁ አብራ ትስቃለች። ከሰሌዳው ፊት ሆኜ ሳያት የገባት ነው የምትመስለኝ። አሁን በአማርኛ ያስረዳሁትን በቀላል እንግሊዝኛ ደግሜ ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚወስደው።

ብቻውን የሚያጠና ጎበዝ

የሒሳብ መምህራን ዘንድ በደንብ የሚታወቅ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዩሪ ትሪስማን የሚባል ወጣት የሒሳብ ሰው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የጥቁር ተማሪዎች የካልኩለስ ውጤት ለምን ዝቅ እንዳለ ለማወቅ ፈለገ። ባልደረቦቹን ሲጠይቃቸው “ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰባቸው ድሃ ነው” አሉት። እሱ በዚህ አልረካም። ተማሪዎቹን እስከ ዶርማቸውና እስከ ቤተ መጻሕፍት እየተከተለ እንዴት እንደሚያጠኑ ተመለከተ፤ በካልኩለስ ጥሩ ውጤት ያላቸውን ቻይናውያን አሜሪካውያን ተማሪዎችም እንዲሁ።

ጥቁሮቹ ተማሪዎች ትጉ ነበሩ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ነው የሚያጠኑት። ጥያቄ ሲያስቸግራቸው ችግሩ የራሳቸው ብቻ ይመስላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ ለየብቻ ከሠሩ በኋላ ማታ ይሰበሰባሉ፤ መልስ ያመሳክራሉ፣ አንዱ ሌላውን ይፈትናል። ሁሉም ያቃተው ጥያቄ ሲገኝ ከባዱ ጥያቄው እንጂ እነሱ እንዳልደከሙ ያውቃሉ።

ትሪስማን ከዚህ ተነሥቶ የሠራው የደካሞች ማጠናከሪያ አልነበረም። ተማሪዎቹን በቡድን ሰብስቦ ከመደበኛው የከበዱ ጥያቄዎች ሰጣቸው። ውጤታቸው በግልጽ ከፍ አለ፤ ኮርሱን የሚወድቀውም ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

እኛ ግቢ ማጠናከሪያ የሚጠራው ሰሌዳ ላይ በሚለጠፍ ዝርዝር ነበር፦ “ከዚህ በታች ስማችሁ የተጠቀሰ ተማሪዎች ቅዳሜ ጠዋት…” ቅዳሜ ጠዋት መምህሩና ጠመኔው ብቻ ይገናኛሉ። የወደቀበትን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ የከተተ ልጅ ስሙ በአደባባይ ተለጥፎ እያየ እንዴት ይመጣል? አሁን ሴክሽኑን በሙሉ አምስት አምስት አድርጌ እመድባለሁ፤ ሰቃዩም የወደቀውም አንድ ላይ። ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ እሰጣለሁ። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚሠራው ማን እንደሆነ በዕጣ ስለሚወሰን የገባው ላልገባው ማስረዳት ግድ ይሆንበታል። ማታ ባዶ ክላስ ውስጥ አምስት ልጆች በአንድ ጥያቄ ሲጨቃጨቁ ካየሁ ለዚያ ቡድን አልሰጋም።

የማይጠብቁ ዩኒቨርሲቲዎች

እርዳታን ወደ ተማሪው መውሰድ በሌላ አገር በሰፊው ተሞክሯል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በአትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተማሪዎቹ በስድስት ዓመት የሚመረቁት ሲሶ እንኳ የማይሞሉበት፣ 32 በመቶ ላይ የቆመ ተቋም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የተማሪዎቹን መረጃ በየዕለቱ የሚከታተል ሥርዓት ዘረጋ። ሥርዓቱ ከ800 በላይ ምልክቶችን ያያል፦ በዋና ኮርስ ዝቅተኛ ውጤት ማምጣት፣ የማያስፈልግ ኮርስ መመዝገብና የመሳሰሉት። ምልክት ሲታይ አማካሪው ራሱ ነው ተማሪውን የሚፈልገው። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በትንሽ ዕዳ ምክንያት ምዝገባቸው ሊሰረዝ ለደረሱ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ ዶላር የማይበልጥ ድጎማ መስጠት ጀምሯል። ለዚህ ማመልከቻ የለም። ሠራተኞቹ የዕዳውን ዝርዝር አይተው ተማሪውን ይጠሩታል። ዛሬ የሚመረቀው ከግማሽ በላይ ነው።

የኒውዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው ኤሳፕ የተባለ ፕሮግራም ደግሞ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተማሪዎችን ይይዛል። ተማሪው አማካሪውን በየጊዜው የማግኘት ግዴታ አለበት፤ አማካሪው ጥቂት ተማሪ ብቻ ስለሚይዝ በስም ያውቀዋል። መጽሐፍና የባቡር ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱ የሚታደሰው ቀጠሮውን ሲያከብር ነው። ኤምዲአርሲ የተባለው የጥናት ተቋም ሪሚዲያል የሚያስፈልጋቸውን ተማሪዎች በዕጣ ከፍሎ ሲያወዳድር፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከገቡት 40 በመቶዎቹ በሦስት ዓመት ተመረቁ፤ ካልገቡት 22 በመቶዎቹ። ሁለቱም ወገን የተፈተነው ያንኑ ፈተና ነው።

እኛ 800 ምልክት የሚቆጥር ማሽን የለንም። ነገር ግን ምልክቶቹን የሚያዩ ሰዎች አሉን። ማን ከአልጋው እንደማይነሣ ፕሮክተሩ ያውቃል። ማን ከክላስ እንደጠፋ ሪፑ ያውቃል። በር ላይ መታወቂያ ስካን በሚደረግበት ግቢ ማን ሦስት ቀን ምሳ እንዳልበላ የካፌው ኮምፒውተር ያውቃል። የመጀመሪያውን ኩዊዝ ማን እንዳበላሸ መምህሩ ያውቃል። የጎደለን እነዚህ አራቱ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው። የተማሪዎች ዲን ቢሮ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ለግማሽ ሰዓት፣ እነዚህን ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ ግማሹ ሥራ ያልቃል።

ግቢው ያለው ሀብት

አዲስ ተማሪ መናኸሪያ ሲወርድ ሻንጣውን ተቀብሎ የሚያደርሰው ማነው? በብዙ ከተሞች ግቢ ጉባኤው፣ ጀመዓው ወይም ፌሎሽፑ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አዲሱን ልጅ ዶርም ያስገባሉ፣ ሬጅስትራር የት እንደሆነ ያሳያሉ፣ የድሮ ፈተና ይሰጡታል፣ ልብስ የሌለውን ያለብሳሉ። ዩኒቨርሲቲው በበጀት ያላደረገውን እነሱ በሃይማኖትና በወንድማማችነት ያደርጉታል። ከነዚህ ወደ አንዱም ያልሄደ ልጅ ግን ከመረቡ ውጭ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲው ሊሸፍን የሚገባው ክፍተት ይህ ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ ብሎ የጀመረው ፕሮጀክት እዚህ ላይ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣን አዲስ ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ቤተሰብ ጋር ያገናኘዋል። ልጁ በበዓል የሚሄድበት ቤት፣ ሲታመም የሚጠይቀው ሰው፣ “እማዬ” የሚላት እናት አገኘ ማለት ነው። ቤተሰቡም ልጁ ከጠፋ ይደውላል፣ ግቢ ድረስ ይመጣል። ያ የከተማ እናት ስልክ ከማንኛውም መረጃ ሥርዓት በፊት ይደርሳል።

በሦስተኛው ሳምንት

ይህን ሁሉ ሳወራ ከባልደረቦቼ የምሰማው መልስ አንድ ነው፦ “ዩኒቨርሲቲ እኮ አፀደ ሕፃናት አይደለም።” ልክ ነው። ፈተናው ይቅለል፣ ማርክ ይለመን ያለ ግን የለም። የኒውዮርኮቹም የበርክሌዮቹም ፈተና አልቀለለም፤ በርክሌይ እንዲያውም የከበደ ጥያቄ ነው የተሰጣቸው። ሁለተኛው መልስ “ጊዜ የለም” የሚለው ነው፤ ይኼኛው እውነት አለበት። ስድሳ ስድሳ ተማሪ ያለባቸው ሴክሽኖች የሚያስተምር ሰው እያንዳንዱን ሊከታተል አይችልም። ስለዚህ ሥራው መጠኑ ይነስ፤ ግን ጊዜውን ይጠብቅ።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ኩዊዝ ከተሰጠበት ቀን በኋላ ሳላሳድር አርሜ እመልሳለሁ፤ ኩዊዙንም ከሦስተኛው ሳምንት አላሳልፈውም። ከዚያ የሴክሽኑን ስም ዝርዝር አወጣና ሦስት ነገር እፈልጋለሁ፦ ከግማሽ በታች ያመጣ፣ አሳይመንት ያላስገባ፣ ሁለት ክላስ የቀረ። ሁለቱ የተገናኙበት ስም ላይ አሰምርበታለሁ። ብቻውን ግን አልጠራውም። ከነቡድኑ አምስቱንም በአንድ ላይ እጠራለሁ፤ ማን በምን እንደተጠራ አይታወቅም። ጥያቄዎቼም ቀላል ናቸው። ከማን ጋር ታጠናላችሁ? ወርክሺቱን በምን ታገኛላችሁ? ከቤት ያሳሰባችሁ ነገር አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ዝም ያለውን ልጅ ሲወጡ ወደኋላ አስቀረዋለሁ።

ከዚያ በላይ የሆነው የእኔ ሥራ አይደለም፤ ወደሚመለከተው ሰው ማድረስ ግን የእኔ ነው። የግቢው ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ ለሴት ተማሪዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮው፣ የአካል ጉዳተኞች ማዕከል አለ። “እዚያ ሂጂ” ብሎ መላክና ስልክ ደውሎ “አሁን አንዲት ተማሪ ትመጣለች፣ ጠብቋት” ማለት ግን ይለያያሉ። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችም አሉን። ፍሬሽማን ላይ በዋርኒንግ የተረፈ ልጅ ለአዲሶቹ “እኔም ሚድ ላይ ወድቄ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ወጣሁ” ሲላቸው ከእኔ አንድ ሰዓት ንግግር ይበልጣል። ለየብሎኩ ሁለት ሁለት እንደዚህ ያሉ ልጆች መመደብ፣ ለሥራቸውም የምስክር ወረቀትና ምስጋና መስጠት፣ በጀት አያናጋም።

ለተማሪው፣ ለቤተሰቡም

ተማሪው ራሱ ማወቅ ያለበት ጥቂት ነገር አለ። ኮርስ መጨመርና መጣል የሚቻልባቸው ቀናት በሴሚስተሩ መጀመሪያ ናቸው፤ ካለፉ አለፉ። ፈተና ቀን ብትታመም ክሊኒክ ሄደህ ማስረጃውን በዚያው ሰሞን ለመምህርህና ለዲፓርትመንቱ አድርስ፤ ከሳምንታት በኋላ የመጣ ወረቀት ተቀባይነት ያጣል። የአስተማሪ ቢሮ ብቻህን መግባት ካሳፈረህ ሁለት ሆናችሁ ግቡ። የቤተሰብ ችግር ግድ ብሎህ የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ዝም ብለህ አትጥፋ። የዊዝድሮዋል ፎርም ሞልተህ ሂድ። ሞልቶ የሄደ ተማሪ በሪአድሚሽን የሚመለስበት መንገድ አለው፤ የጠፋ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ መመለሻ በሩን ራሱ ዘግቶ ነው የሄደው።

ወላጆች፣ ታላቅ ወንድምና እህት፣ ከዐረብ አገር ወይም ከአሜሪካ ለታናሻችሁ የኪስ ገንዘብ የምትልኩ ሁሉ፣ ስልኩ ላይ የምታወሩት ነገር ለውጥ ያመጣል። “እንዴት ነህ? ደህና ነኝ። ትምህርት እንዴት ነው? አሪፍ ነው” በሚል ንግግር የሚታወቅ ነገር የለም። “አሪፍ ነው” ክሊራንስ ይዞ የሚዞር ልጅም የሚለው ቃል ነው። የሚመለስ ነገር ጠይቁ፦ የመጀመሪያው ኩዊዝ መቼ ነው? ከስንት ስንት አገኘህ? ሚድ በየትኛው ሳምንት ነው? ከማን ጋር ነው የምታጠናው? የዶርም ጓደኛህ ስም ማነው፣ ከየት ነው የመጣው?

ዝቅ ያለ ነጥብ ሲነግራችሁ አትቆጡ። የተቆጣ ወላጅ ሁለተኛውን ነጥብ አይሰማም። “ቀጣዩ መቼ ነው፣ ለሱ ምን ያስፈልግሃል?” በሉት። “ከማን ጋር ነው የምታጠናው?” ለሚለው ጥያቄ ግን ልዩ ጆሮ ስጡ። “ከማንም ጋር አላጠናም፣ ብቻዬን ነኝ” ካለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና የሚድ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቁ። የዶርም ጓደኛውን ስልክ ተቀበሉ፤ በዚያ ግቢ ወይም በዚያ ከተማ ያለ ዘመድ፣ የአገር ልጅ፣ የሰፈር ልጅ አፈላልጉና በዚያው ሳምንት ሄዶ እንዲያየው አድርጉ።